ሶፍትዌሩ ዛሬም «ደቡብ ክልል» ይላል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? ባለፈው እትም «የቢሮ ሲስተም ያስቸገራችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጉድ ነው የመጣልኝ። «ሲስተም የለም» የምትለዋን ቃል ወረፋ ላይ ቆሞ የማይጠላ የለም፤ ለካ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠውም ሰው እኩል ይጠላታል። አምስት ደብዳቤ መርጫለሁ፣ ሁሉም ከዚሁ ከሐዋሳ ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ የሰውና የድርጅት ስምም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ «መናኸሪያ አካባቢ ባለ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሶዶ፣ ዲላና ሆሳዕና ቅርንጫፍ አለን። የምንሠራበትን ሲስተም በ1997 ዓ.ም. አንድ ልጅ ነው በቪዥዋል ቤዚክ (ፕሮግራም መጻፊያ) እና በአክሰስ (ዳታ ማስቀመጫ) የሠራልን። ልጁ አሁን ካናዳ ነው። ያኔ አንድ ሱቅና አንድ መጋዘን ነበረን። ዛሬ አራት ቦታ ነን፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆነናል፣ ሥራ አስኪያጅም ተቀጥሯል። ሲስተሙ ግን የሪፖርቱ ራስጌ ላይ ዛሬም ‹ደቡብ ክልል› ብሎ ያትማል። ወደ ቅርንጫፍ ዕቃ ስንልክ ማስተላለፊያ የሚባል ነገር ስለሌለው ‹ዲላ› የሚባል ደንበኛ ፈጥረን እንደ ሽያጭ እናስገባለን። ሽያጩ ስለሚያብጥ በየወሩ መጨረሻ እኔ በኤክሴል እየቀነስኩ አስተካክላለሁ። ጋሼ፣ ባለቤቱ ማለቴ ነው፣ ‹አዲስ ኢ.አር.ፒ. (ሽያጩን፣ መጋዘኑንና ሂሳቡን አንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር) ግዙና እንገላገል› ብለዋል። ከአዲስ አበባ ዋጋም መጥቷል። እኔ ግን ፈራሁ። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ጋሼም አልተሳሳቱም፤ አንድ ነገር መደረጉ አይቀርም። ከየት ይጀመር የሚለው ላይ ነው የምንለያየው።

መጀመሪያ «ሲስተሙ አረጀ» የሚለውን እንተወው። ሶፍትዌር እንደ አይሱዙ ጎማው አይበላም፣ ዘይት አያንጠባጥብም። በ1997 የተጻፈው ኮድ ያኔ የሚሠራውን ዛሬም ዝንፍ ሳይል ይሠራል። ጣጣውም እሱ ነው። የተቀየራችሁት እናንተ ናችሁ። ያኔ ጋሼ ራሳቸው መጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር ብዬ ልገምት፤ ማጽደቅ ማለት «ጋሼ፣ ይውጣ?» «ይውጣ» ነበር፣ አለቀ። ልጁ ያንን አይቶ ነው የጻፈው። ሲስተሙ ውስጥ «ያጸደቀው» የሚል ቦታ ካጣሽ ለዚህ ነው። ዛሬ ሥራ አስኪያጅ አለ፣ የቅርንጫፍ ኃላፊ አለ፣ ይህን ያህል ብር ድረስ እከሌ ይፈርም የሚል መመሪያ ሳይኖራችሁ አይቀርም። ሲስተሙ ግን ጋሼ አሁንም በሩ ላይ የተቀመጡ ይመስለዋል።

የክልሉንም ነገር እይው። በ1997 ሐዋሳም ሶዶም ዲላም ሆሳዕናም አንድ ክልል ውስጥ ነበሩ። በሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። በነሐሴ 2015 ደግሞ የቀረው ለሁለት ተከፈለና ሶዶና ዲላ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ሆሳዕና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ገቡ። አንድ ሱቅ ከቦታው ሳይነቃነቅ ድርጅታችሁ በሦስት ክልል የሚሠራ ሆኖ አደረ። ልጁ «ደቡብ ክልል» የሚለውን ቃል የጻፈው ኮዱ ውስጥ ነው። እንደ ስልክ ቁጥር ገብተሽ የምትቀይሪው ቦታ ላይ ቢሆን ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅብሽም ነበር። አሁን ካናዳ መደወል ሊያስፈልግሽ ነው። ደግሞ ልጁን አልወቅስም፤ ያኔ ክልል ይቀየራል ብሎ ማን አሰበ?

ይህ የእናንተ ብቻ እንዳይመስልሽ። ማኒ ሌማን የሚባል ተመራማሪ የአይ.ቢ.ኤም.ን ትልቅ ሶፍትዌር ከዓመት ዓመት እየተከታተለ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለት ነገር ተናግሯል። ሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም በየጊዜው ካልተስተካከለ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። በተስተካከለ ቁጥር ደግሞ፣ ሆን ብሎ የሚያቀለው ሰው ካልተገኘ፣ እየተወሳሰበ ይሄዳል። ብትነኪውም ባትነኪውም መዘዝ አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከነገ ጀምሮ አንድ ደብተር ክፈቺ። በኮምፒውተር አይደለም፣ ተራ ደብተር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ሲስተሙን የሚያታልልበትን ዘዴ ሁሉ ጻፊ። «ዲላ» የሚባለው ደንበኛ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግባ። ካሸሯ ቅናሽ ስትሰጥ ምን ብላ ነው የምታስገባው? የተመለሰ ሲሚንቶ የት ይገባል? በቴሌብር የተከፈለ ብር «ጥሬ ገንዘብ» ተብሎ ነው እንዴ የሚመዘገበው? ቴሌብር ሥራ የጀመረው በ2013 ነውና የ1997 ልጅ ሊያውቀው አይችልም። እያንዳንዱ ኤክሴል፣ እያንዳንዱ «እንዲህ ብለሽ አስገቢው፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» የምትል ምክር፣ ድርጅቱ ከሲስተሙ የተለያየበት ቦታ ነች። ወር ሲዘጋ የምትቀንሺበት ኤክሴል ደግሞ፣ አትቆጪኝና፣ ከሲስተሙ ይልቅ እውነተኛው ሲስተማችሁ እሱ ነው። እሱ ከጠፋ ምን እንደሚሆን አስቢው።

ያ ደብተር ሳይኖር ኢ.አር.ፒ. መግዛት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ሻጩ መጥቶ የሚያምር ስክሪን ያሳያችኋል፣ ቀለም ያለው ግራፍ ይደረድራል፣ ጋሼም ደስ ይላቸዋል። አንቺ ግን ደብተርሽን ይዘሽ ገብተሽ እንዲህ በይው፦ «እስቲ አሁን፣ እዚሁ፣ ከሐዋሳ መጋዘን ወደ ዲላ መቶ ቆርቆሮ ላክልኝ። ዲላ ዘጠና ሰባት ብቻ ደረሰኝ ይበል። ሦስቱ የት ገቡ?» መንገድ ላይ ያለ ዕቃን የሚያውቅ ሲስተም ሦስቱን ለይቶ ያሳይሻል፣ ማን እንደሚጠየቅበትም ይነግርሻል። የማያውቀው ከሆነ ሻጩን ሳል ይይዘዋል። ቀጥለሽ አዲስ ቅርንጫፍ እንዲከፍት፣ የአንድ ቅርንጫፍ ክልል እንዲቀይር፣ የማጽደቂያውን የብር ጣሪያ ከፍ እንዲያደርግ ጠይቂው። «ይህ ቀላል ነው፣ ቢሮ ስንመለስ እናስተካክለዋለን» ካለሽ ኮድ ውስጥ ነው ያለው ማለት ነው፤ የ1997ቱን ልጅ በውድ ዋጋ ልትቀጥሪ ነው። አንድም ጥያቄ አትርሺ፦ ከእናንተ ጋር ብንለያይ ዳታችንን በምን መልክ ነው የምታስረክቡን?

እስከዚያ አሮጌውን አስታሚው። የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም፤ ዛሬውኑ መጠኑን እይው። ከ1 ከግማሽ ካለፈ ማሰብ ጀምሪ። ቪዥዋል ቤዚክ 6 ከሆነ ማይክሮሶፍት የፕሮግራም መጻፊያውን ድጋፍ ያቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ግን አትደንግጪ፣ በሱ የተሠሩ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ 11 ላይም ይነሳሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ኮዱ ራሱ ነው። የት ነው ያለው? ልጁ ጋ ብቻ ከሆነ ቴሌግራም ላይ ፈልጉትና ለሁለት ምሽት ሥራ ክፈሉት። ኮዱን ይላክ፣ የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ይጻፍ፣ ጥያቄያችሁን ይመልስ። ከአገር የወጣ ልጅ የድሮ ሥራው ሲታወስለት ደስ ይለዋል፣ ሞክሩት።

ከዚያ አንድ ቁራጭ ብቻ ውሰዱ። ሁሉንም በአንድ ቅዳሜና እሁድ እንቀይር የሚላችሁን አትስሙ። ማርቲን ፋውለር የሚባል የሶፍትዌር ሰው አውስትራሊያ ውስጥ ሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ፣ ሥሩን ቁልቁል ሰድዶ፣ ቀስ በቀስ የተሸከመውን ዛፍ የሚተካ የሾላ ዘመድ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አሮጌ ሲስተም የመተካት ዘዴን በሱ ሰየመው። እኛ እዚህ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብለን አሳ ስንበላ ያልታየን ነገር! ለእናንተ የመጀመሪያው ሥር የዕቃ ዝውውር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ቁስላችሁ እሱ ነው። ሽያጩ በአሮጌው ይቀጥል፤ ዝውውሩ በአዲሱ ይሂድ። በየማታው የሁለቱ የመጋዘን ቁጥር ይመሳከር። ቢያንስ አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ እንዲህ አሳልፉ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ስህተቱ ያኔ ይወጣል። ጊዜውን በተመለከተ፣ እናንተ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ስለሆናችሁ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ግብር ላይ ናችሁ፤ በዚያ መሀል የሚነካካ ሰው ካለ ጠላታችሁ ነው። ዝውውሩን ኅዳር ላይ ጀምሩ። የሂሳብ መዝገቡ ተራው ሲደርስ ግን ሐምሌ 1 ላይ መክፈቻ ሂሳብ ይዞ ቢጀምር ይቀላል።

ጋሼን እንዴት ላሳምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ። «ዲላ» የሚባለውን ደንበኛ የዓመት «ግዢ» አትሚና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪው። ትልቁ ደንበኛቸው ራሳቸው መሆናቸውን ሲያዩ ወሬው ሌላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «የግል ክሊኒክ ውስጥ ፔሮል (የደመወዝ ዝርዝር) እሠራለሁ። የደመወዝ ግብር ሲቀየር ሶፍትዌሩን የሸጠልን ልጅ መጥቶ አስተካከለልን። ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ አንዲት የለቀቀች ነርስ የ2016 ደመወዟን ማስረጃ ጠየቀችንና ስናትም ግብሩ በአዲሱ ተሰልቶ ወጣ! ያኔ ከተቆረጠባት ያነሰ። ልጅቷ ‹ልዩነቱን መልሱልኝ› አለች። ምን ተሠራ?»

መልስ፦ ይህን ሳነብ ሳቅኩ፣ ይቅርታ። ልጁ የድሮውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ተካበት፣ ሌላ ምንም አልሠራም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አዋጅ 1395/2017 ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ግብር የሚጀምርበትን ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ብር በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25፣ 30፣ ከ14,000 በላይ 35 በመቶ እያለ ይሄዳል። 12,000 ብር የሚከፈላትን ሠራተኛ ውሰድ። በድሮው 2,700 ብር ነበር የሚቆረጥባት። በአዲሱ 2,250 ነው። የ450 ብር ልዩነት አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በየዘመናቸው። ነርሷ የምትጠይቀው ማስረጃ የ2016 ስለሆነ 2,700 ማለት አለበት። የሚመለስላት ነገር የለም።

እንግዲህ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ፣ የግብር መጣኔው ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ረድፍም «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚል ቀን ይኑረው። ድሮው አይሰረዝ። ሲስተሙ የደመወዙን ወር አይቶ የሚገባውን ረድፍ ይምረጥ። የሰኔ 2017 ትርፍ ሰዓት ሐምሌ ላይ ሲከፈል በየትኛው ይሰላ የሚል ክርክርም ይመጣባችኋል፤ እሱን ከግብር አማካሪያችሁ ጋር ጨርሱና ደንቡን ጻፉት። ሁለተኛው ይብሳል። የተዘጋ ወር እንደገና መሰላት የለበትም! ፔሮሉ ተፈርሞ ብሩ ከወጣ በኋላ ቁጥሩ እንደ ፎቶ ነው የሚቀመጠው። የናንተ ሶፍትዌር ያስቀመጠው ደመወዙን ብቻ ነው፤ ግብሩን በጠየቃችሁት ቁጥር እንደ አዲስ ያሰላዋል። እስኪስተካከል የተፈረመበት ወረቀት ነው ማስረጃችሁ። ፋይሉን አውጣና ፎቶ ኮፒ አድርገህ ስጣት።

ጡረታው አልተቀየረም፣ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ግን እሱም ኮድ ውስጥ ተቀብሮ እንደሆነ ልጁን ጠይቀው። አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም፣ ያኔ ደግሞ ስልኩን ላያነሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ «የስቶር ሶፍትዌራችን ዊንዶውስ 7 ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። አለቃችን ከቤታቸው ሆነው ማየት ስለፈለጉ ኢንተርኔት ላይ አገናኙት ብለዋል። እናገናኘው?»

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ጥገና አያገኝም። ሰርጎ ገብ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝም የሚደፍነው የለም። ኬብሉን ንቀሉት። አለቃችሁ ቁጥሩን ማየት ብቻ ከፈለጉ ማታ ማታ ሪፖርቱ በፒዲኤፍ ይውጣና ቴሌግራም ይላክላቸው፣ በቃ። የሚያወጣው ፍላሽ ለዚያ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን፤ ፊልም የሚዞርበትን ፍላሽ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ካለ እጁን ያዙልኝ። የሚችል ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩን እንዳለ ወደ ቨርቹዋል ማሽን (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ፕሮግራም ወደሚነሳ ኮምፒውተር) ይገልብጥላችሁ፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ዊንዶውስ 10 ነን ብላችሁ የምትኩራሩትም፣ የናንተ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አልቋል።

ጥያቄ፦ «ሐይቁ አጠገብ ትንሽ ሆቴል አለኝ። የእንግዳ መዝገባችን ከ1993 ጀምሮ በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩን ስንቀይር የደንበኞቻችን ስም ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆበት መጣ። ልጆቹ ‹ዳታው ተበላሽቷል፣ ከዜሮ እንጀምር› ይሉኛል። የሃያ ዓመት ደንበኛ ስም እንዴት ይጣላል?»

መልስ፦ አይጣልም። ዳታዎ አልተበላሸም፣ ልጆቹን እንዲህ ብለው ይንገሯቸው።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የዓለም የጋራ ሠንጠረዥ ነው) የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኛ ቢሮ እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ዘዴያቸው ብልጥ ነበር። ኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የሚያስቀምጥ ይመስለዋል፤ ፎንቱ ግን የ«ሀ»ን፣ የ«ለ»ን መልክ ይስልበታል። ፎንቱ ካለ ስሙ ይነበባል። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ የለም፣ ስለዚህ ከሥር ያለው ራቁቱን ወጣ። ያው ነው፣ ልብሱ ነው የወለቀው።

አሮጌውን ኮምፒውተር አልሸጡትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እሱ ላይ የትኛው ፎንት እንደነበር ይመልከቱ፤ ቪዥዋል ግዕዝ ይሁን ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ፣ አቀማመጣቸው ይለያያልና በግምት አይሆንም። ከዚያ የመዝገቡን ቅጂ፣ ቅጂውን እላለሁ፣ ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩ። ሲጨርሱ ሃምሳ ስም ከድሮው የወረቀት መዝገብ ጋር አንድ ባንድ ያስተያዩ። «ሏ»፣ «ኳ»፣ «ቿ» ያለባቸውን ስሞች ለይተው ይዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ መቀየሪያው የሚሰናከለው እነሱ ላይ ነው።

ሌላ ጉድ ይጠብቅዎታል። አንድ ደንበኛ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ተብሎ ሦስት ሰው ሆኖ ያገኙታል። በሦስት የተለያዩ የእንግዳ መቀበያ ልጆች እጅ ማለት ነው። አሁን እግረ መንገድዎን ያዋህዷቸው፤ በስልክ ቁጥር እያመሳከሩ እንጂ በስም ብቻ አይሁን፣ ኃይሉ የሚባል ሰው አገሩን ሞልቶታል። ለወደፊቱም ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን እንደ አንድ እንዲቆጥር አዲሱን ሶፍትዌር የሚሠራልዎትን ሰው ያስገድዱት። እምቢ ካለ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ «አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ በአይ.ቲ. ተቀጥሬያለሁ፣ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሲስተሙ በፎክስፕሮ (የድሮ የዳታቤዝ ፕሮግራም መጻፊያ) የተጻፈ ነው፣ እኔ ሳልወለድ የተሠራ ይመስላል። ማኅበሩ ከአንድ ቢሮ ወደ ሦስት ሊያድግ ነውና እንደ አዲስ በፒ.ኤች.ፒ. (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ልጽፈው ፈልጌያለሁ። ችግሩ አንዲት እትዬ አሉ፣ ሂሳብ ላይ ሃያ ዓመት የሠሩ፣ አሠራሩን ሁሉ ያውቃሉ ግን አይነግሩኝም። ስጠይቃቸው ‹ይሄማ የታወቀ ነው› ይሉኛል። ሚስጥር ይደብቃሉ ልበል?»

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ አይደብቁህም። አንደኛ፣ አንተ ስትመጣ እኔ ልሄድ ነው ብለው ሰግተዋል፤ በእሳቸው ቦታ ብትሆን አንተም ትሰጋለህ። ሁለተኛ፣ «የታወቀ ነው» ሲሉህ ከልባቸው ነው። ሃያ ዓመት በእጅህ የሠራኸውን ነገር በቃል ንገረኝ ብትባል አይመጣልህም። እናትህን በርበሬ ስንት ማንኪያ ነው ብለህ ጠይቃት እስቲ።

የራሴን ላውራህ። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ውስጥ ኔትወርኩን አጽዳ ተብዬ ገባሁ። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ዴስክቶፕ አለ፣ ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። የጽዳት ሠራተኛዋ «እሱን እንዳትነኩት ተብለናል» አለችኝ። ማን እንዳላት ጠየቅኳት፤ «ድሮ የነበሩት ሰውዬ» አለች። ሳቅኩና ነቀልኩት። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የደመወዝ ዝርዝር ለባንክ አልደረሰም። ያ ኮምፒውተር ነበር በየወሩ የሰዓት መቆጣጠሪያውን መዝገብ ሰብስቦ ፋይሉን የሚያዘጋጀው። ሰው ሁሉ ፋይሉ ከሰማይ የሚወርድ ይመስለው ነበር። መልሼ ሰካሁት፣ አልነሳም። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሉ የለ? ሦስት ሌሊት አደርኩበት። በድርጅቱ ውስጥ ስለዚያ ማሽን የምታውቀው ብቸኛ ሰው መጥረጊያ ይዛ ነበር፣ እኔ ግን ልሰማት አልፈለግኩም።

ስለዚህ አትጠይቃቸው፤ አጠገባቸው ተቀመጥ። የወር መዝጊያ ቀን ወንበርህን ይዘህ ሂድ፣ ቡና ይዘህ ከሄድክ ደግሞ የተሻለ ነው። ሲሠሩ እይ። አንድ ነገር በካልኩሌተር ሲያሰሉ ወይም ወረቀት ላይ በእርሳስ ምልክት ሲያደርጉ ካየህ «ለምን?» አትበል፤ የምትመረምራቸው ይመስላቸዋል። «ይሄን ባያደርጉት ምን ይመጣል?» በል። ያኔ ታሪኩ ይወጣል፣ «በ2001 አንድ አባል ነበሩ፣ ምን ሆነ መሰለህ…» ብለው ይጀምሩልሃል። እሱን ጻፍ፣ ከሥሩም ስማቸውን ጻፍ። ለሥራ አስኪያጁ ስታቀርብ «እትዬ እንዳስረዱኝ» ብለህ አቅርብ። ሥራቸው ሊነጠቅ እንዳልሆነ የሚያምኑት ያኔ ነው።

እንደ አዲስ ልጻፈው ላልከው ደግሞ፣ ፎክስፕሮ መሄዱ አይቀርም፤ የማይክሮሶፍት ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ያለቀ ነው። ሦስት ቢሮ ስትሆኑም አንድ ቢሮ ውስጥ ባለ ኔትወርክ ታስቦ የተሠራው ነገር አይሆንላችሁም። ግን የምትተካው ኮዱን ብቻ አይደለም። ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳለው፣ ሰዎች የሚሠሩት ሲስተም እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን መንገድ ይመስላል። የእናንተው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እየተጠራሩ የሚሠሩ ሦስት ሴቶችን ይመስላል፤ «እሷ አይታዋለች እኮ» የሚለው ማጽደቅ ነው። ቢሮው ሦስት ቦታ ሲሆን መጠራራቱ ይቀራል፣ ያኔ ያ «አይታዋለች» ስክሪን ላይ ቦታ ይፈልጋል። ማን ብድር ያጸድቃል፣ የሌላ ቢሮ አባል መጥቶ ብር ቢያወጣ የየትኛው ቢሮ ካዝና ይቀንሳል፣ እነዚህን አመራሩ ቁጭ ብሎ ይወስናቸው። አንተ ኪቦርድ ላይ አትወስናቸው። ኋላ ሲጣሉ አንተን ነው የሚከሱህ።

ኮድ መጻፍ ከመጀመርህ በፊት ደግሞ አንድ ፈተና አለልህ። ጳጉሜ 3 ላይ የወጣ ብድር ወለዱ እንዴት እንደሚሰላ እትዬን ጠይቃቸው። የጳጉሜን ቀሪ ቀኖች ይቆጥራሉ? ከመስከረም 1 ነው የሚጀምሩት? ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነበት በ2015ስ ምን አደረጉ? የፎክስፕሮውን ኮድ ብታገላብጠው መልሱ ላይገኝ ይችላል፣ ምናልባት እሳቸው በእርሳስ ነው የሚያስተካክሉት። ያገኘኸውን ጻፍልኝ፣ እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ።